መድኃኒቱ ጋራ ነው

አሰላ በነበርንበት ዘመን ቤታችን ውስጥ ከእኔና ከባለቤቴ ሌላ ለዓይን የማይታዩ ብዙ ነዋሪዎች ነበሩ። ባለቤቴ የሳይንስና የጤና አጠባበቅ መምህር ስለነበር ስማቸውን ያውቃል፣ መኖሪያቸውን ያውቃል፣ የሚወዱትንና የሚጠሉትን ሳይቀር ያውቃል። የበሩ እጀታ ላይ አሉ፣ የሞሰቡ ክዳን ላይ አሉ፣ ሊጠይቀን የመጣ ጎረቤት በእጁ ጨብጦ ያመጣቸዋል። ጀርም ይላቸዋል። እኔ አንድ ሰው አግብቼ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር መኖሬ ሲያናድደኝ «ዘመዶችህ» እላቸው ነበር።

ውሃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይፈላል። ሰላጣ የሚባል ነገር ደጃፋችንን አያልፍም። ወተት እስኪገነፍልና ምድጃዬን እስኪያበላሸው ድረስ ከእሳት አይወርድም። ጎረቤቶቻችን መምህሩ ለእግር መታጠቢያም ውሃ ያፈላል ብለው ይስቁብን ነበር፤ ሐሰት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም።

ትውልዳችን ሸዋ ነው፤ አርሲ የገባነው በእሱ ሥራ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የተመደበው ጢቾ ነበር። እዚያ ወንድ ልጅ ወለድን። ቆሞ መሄድና አፉን መፍታት እንደ ጀመረ ተቅማጥ ያዘውና በጥቂት ቀን ከእጃችን ወጣ። እኔ ደረቴን መትቼ፣ ፊቴን ነጭቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ግን ቀብሩም ላይ እንባ አልወጣውም። ለቀስተኛው «ወንድ ነው፣ ቻለው» ብሎ አመሰገነው። ከዚያ ወደ አሰላ ተዛወርን፤ ስለ ልጁም አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም። ስሙን እንኳ አንጠራም ነበር።

አሰላ ከገባን ወዲያ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እንደገና ፀነስኩ። ማታ እራት አቅርቤ ነገርኩት። እሰይ አለ፤ ግንባሬን ሳመኝ፤ ከዚያ እራቱን ሳይነካ ተነሣ። ሕመሙ የጀመረው ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ሥጋ ከበደኝ አለ። ቀጥሎ ሽሮው አቃረኝ አለ። በኋላ ወተቱም ሆዴ ላይ ድንጋይ ሆነ ማለት ጀመረ። ያገሳል፣ ይነፋዋል፣ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል። በቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፤ ሳይቆይ ሌላ ይበሳል። የእኔ ሆድ እየገፋ ሲሄድ የእሱ ወደ ጀርባው ይሸሻል። ጎን ለጎን ስንሄድ ያየን ሰው እህሉን ሁሉ እኔ የምበላበት ሳይመስለው አይቀርም።

እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ይህ ልጅ ሲመጣ አባቱ እንዳይሄድብኝ። ዘመድ በሌለበት አገር፣ አንዱን በእጄ ይዤ ሌላውን ልቀብር ነው እያልኩ ለብቻዬ ስሆን አለቅስ ነበር።

ያልሞከርነው የለም። ፌጦ በሎሚ፣ ተልባ፣ ጤና አዳም፣ አብሽ። የሥራ ባልደረቦቹ ይህማ ኮሶ ነው ብለው ፈረዱ። ኮሶውን ወቅጠን አጠጣነው፤ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ሲመላለስ ዋለ፤ ከሆዱ የወጣው ግን ያቺው ለምኜ ያበላሁት ትንሽ እህል ብቻ ነበረች። ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሆዱን ተጫነው፣ ዓይነ ምድሩን በመሣሪያ አየለት፣ ምንም የለም ብሎ ኖራ የመሰለ በጥብጠው የሚጠጡት ዱቄት ሰጠው። ባለቤቴ ቅር ብሎት ተመለሰ። ለእነዚያ ፍጥረቶች ዓመት ከዓመት ሲያስተምርላቸው ኖሮ አንዳቸው እንኳ እዚህ አለሁ አለማለታቸው ሳያናድደው አልቀረም።

ያም ሆኖ ማስተማሩን አልተወም። አንድ ቀን ከሥጋ ቤት ያልታጠበ የበሬ ጨጓራ ገዝቶ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ወሰደ። ማታ ለእኔም ትምህርቱን ደገመልኝ። ላም ሣር የምታጭድ እንጂ የምትፈጭ አይደለችም አለ። ሣሩን የሚፈጩላት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረቶች ናቸው፤ እሷ ቤት አከራያቸው ናት፤ እነሱ ከሞቱባት ሣር ላይ ተኝታ በረሃብ ትሞታለች። ይህን ሲናገር ዓይኑ በርቶ ነበር። በሰው ሆድም እንዲሁ ደጎች አሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳይኖሩ አይቀሩም አለ። ያንለታም ውሃውን እንደገና አፈላ።

ጎረቤታችን ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ እዚያው አሰላ ተወልደው ያረጁ፤ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ሲቆጡ በሁለቱም ይናገራሉ። ሰፈሩ ሁሉ አዮ ይላቸዋል፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። ባለቤቴን ይወዱታል፤ ቅቤያቸውን አንጥሮና አጣርቶ ካልሆነ አለመብላቱን ግን ይቅር አላሉትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ከገበሬ ሴቶች ጋር ተቀምጠው እኛ ስናልፍ አዩን። አዮ ትክ ብለው አስተዋሉት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ለሴቶቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሴቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡ።

ባለቤቴ የገበያ ኦሮምኛ ይችል ነበር፤ ከሚችለው በላይ ይኮራበት ነበር። ቤት እንደ ገባን ወንበር ላይ ሳይቀመጥ «ሰማሽ?» አለኝ። «ቆሪቺ ኢሳ ጋራ ኬሳ ጅራ ነው ያሉት። መድኃኒቱ ጋራ ውስጥ ነው።» ቆሪቻ መድኃኒት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ጋራ ደግሞ በእኛም ቋንቋ ጋራ ነው። ጋራው ቀና ሲሉ የሚታየው ጭላሎ ነው። የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም።

ጋራ ላይ ያለው መድኃኒት ምን እንደሆነ ለማግኘት ብዙ አልደከመም። አጋዘን ደጋ ላይ የማትቀምሰው ቅጠል የለም፣ ስለዚህ ጨጓራዋ ለሆድ በሽታ ፍቱን ነው የሚል ወሬ በከተማው ነበር። እንዲህ ያለውን ሲሰማ ይስቅ የነበረ ሰው ያን ሌሊት በሐሳብ ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ወሬውን ሳይንስ አለበሰው። ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። የእኔ ሆድ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች አልቀዋል፤ ምናልባት ያ ሁሉ የፈላ ውሃ ሳይጨርሳቸው አልቀረም። የአጋዘን ጨጓራ ውስጥ ግን ከተማ ያላዩ፣ በሽታ ያላወቁ፣ የጋራ ንጹሕ ፍጥረቶች አሉ። ከጨጓራዋ ውስጥ ያለውን ጭማቂ ትኩሱን ብጠጣው ገብተው ይሰፍሩልኛል።

ፈርስ ሊጠጣ ነው። ፈርስ ስል ከብት ሲታረድ ከጨጓራው የሚደፋውን አረንጓዴ ነገር ማለቴ ነው። እኔ ጎመን አጥቤ እጄ እስኪላጥ ድረስ እንደገና እጠቢው የሚለኝ ሰው! ጨጓራዬን ላጠው። በእሱ ትእዛዝ ያፈላሁትን ውሃ ሁሉ እያስታወስኩ የአፌን ተናገርኩት። እሱ ግን ፈገግ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን በላችው። ከቆመበት እየከሳ ከሚያልቅብኝ የሜዳ አውሬ ፈርስ ጠጥቶ ቢድንልኝ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ።

የአዮ ልጅ የታወቀ አዳኝ ነው፤ ምንሽር አለው። እናቱ ሲናገሩ አልነበረም። ባለቤቴ ሄዶ አዮ አጋዘን አዘውልኛል አለው። እሱ የእናቱን ትእዛዝ የሚመረምር ሰው አይደለም፤ መቼ እንውጣ ብቻ አለ። ለአዮ የነገራቸው የለም፤ አዛዧ እሳቸው ናቸውና ምን ይነገራቸዋል። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ባለቤቴን በበቅሎ አስቀምጦ ወደ ጭላሎ ይዞት ወጣ። ከኮርቻው ላይ ጋቢው ብቻ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ያን ቀን የዋልኩትን አልረሳውም። ዳመናው ጋራውን ሲሸፍነው እቆማለሁ፤ ሲገለጥ እቀመጣለሁ። ልጁም ሆዴ ውስጥ አላርፍ ብሎ ይራገጣል። ከበቅሎ ወድቆ ይሆን፣ ብርዱ ጨርሶት ይሆን እያልኩ፣ ለዚያ ለፈርሱ መያዣ ብሎ ያስፈላኝን ማሰሮ እያየሁ እሳደብ ነበር። ማሰሮውን አስፈልቶኛል እኮ። ፈርስ ለሚቀመጥበት!

ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ተመለሱ። አጋዘን የለም። ባለቤቴ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰላም ሳይለኝ ወደ ውስጥ አለፈ። አዮም ድምፅ ሰምተው ወጡ። ልጃቸው በቅሎዋን እያራገፈ ለሁለታችን የሆነውን ነገረን።

ከጥዱና ከኮሶው ዛፍ በላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በሚበቅልበት፣ አንድ ወንድ አጋዘን አገኙ። ልጁ ተኮሰ፤ አጋዘኑ ተዘረረ። ሮጠው ደረሱ። ቢላው ወጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እንደሚታወቀው ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይቀምስም። የአዮ ልጅ፣ መድኃኒቱ የእርስዎ ነው፣ በሽተኛ ሆድ ደግሞ ሰበብ ይፈልጋል፣ እርስዎ ይባርኩት ብሎ ቢላውን ዘረጋለት። ባለቤቴ ቢላውን መለሰ፤ ለመድኃኒት ማን ባረከው ማን ልዩነት የለውም፣ ይህን የሚያህል ሥጋ እያለ የእናትዎ ቤት ጦሙን ከሚያድር እርስዎ ይባርኩ አለ። ኧረ አይሆንም። ኧረ በእናትዎ። ጥይቱ የእርስዎ ነው። ሕመሙ የእርስዎ ነው። ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትመላለስ አጋዘኑ ተነሥቶ ቆመ። ጥይቱ ለካ ቀንዱን ገጭቶ አደንዝዞት ኖሯል። ራሱን አራገፈ፣ ሁለቱን በየተራ አያቸው፣ ከዚያ ምንም ሳይቸኩል ወደ አስታው ገባ። ምንሽሩ ዛፍ ተደግፎ ቀርቷል።

እኔ ልስቅ ብዬ የአዮን ልጅ ሳየው አልሳቀም። «መምህሩም መጀመሪያ ሳቁ» አለ። «መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ሳየው ሳቅ አይደለም፤ ለቅሶ ሆኗል። እንደ ሴት ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ዝም በሉ ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ ቢቸግረኝ ራቅ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።» ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ የሰው ገመና የገለጠ መስሎት አፍሯል።

አዮ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አፈጠጡበት። በሽተኛ ሰው ይዘህ ጋራ ላይ ምን ልታደርግ ወጣህ አሉት። እርስዎ እንዳዘዙላቸው መምህሩ ነገሩኝ አላቸው። እኔ ነኝ ደግሞ አጋዘን ያዘዝኩ? ቢሉ እኔ ገባሁበትና መድኃኒቱ ጋራ ውስጥ ነው ሲሉ ሰምተን ነው አልኳቸው። አዮ ሆዳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ያ ረቢ! ገራ ነው እኮ ያልኩት! ገራ! ጋራ መች አልኩኝ?»

በኦሮምኛ ጋራው ጋራ ነው፤ ገራ ግን ሆድ ነው። ፈጥኖ ሲነገር ለእኛ ጆሮ ያቺ ልዩነት የለችም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ በማትሰማ ልዩነት ምክንያት አንድ መምህር ጭላሎን ወጥቶ አንድ አጋዘን ቀንዱን ታመመ። ሳቄ መጣ። አዮ ግን እጄን ያዙኝና ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ነው ነው ያልኩት። የያዘው ነገር አለ፣ ያውጣው። እኛ ገራ ስንል እህል የሚገባበት ብቻ መሰለሽ እንዴ? ይኼ ልጅ ያላለቀሰው ነገር አለ።»

እነሱ ገራ ሲሉ ብቻ ነው እንዴ። እኛስ ሆድ ስንል? ሆድ የባሰው፣ ሆድ የሚብሰው፣ የሆድን በሆድ ይዞ የሚኖረው የእኛ ሰው አይደለም ወይ። ቋንቋውን ከእናቴ ጡት ጋር ጠጥቼው ባሌ ሆዴን አመመኝ ባለኝ ቁጥር ፌጦ ስወቅጥ ከረምኩ። አዮን አመሰገንኳቸውና ገባሁ።

ባለቤቴ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን አላወለቀም። እራት የምስር ወጥ ነበር፤ አቀረብኩለትና ከፊቱ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያለቀሰው ለማን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱም አንገቱን እንደ ደፋ ጀመረ።

«ያን ቀን አንቺ ገበያ ሄደሽ ነበር» አለ። «ውሃ ጠየቀኝ። ከእንስራው ቀድቼ ሰጠሁት። ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣው፤ ጨምርልኝ አለ፤ ጨመርኩለት።»

በማግሥቱ ልጁን ተቅማጥ እንደ ያዘው አልነገረኝም፤ አውቀዋለሁ። የማላውቀውን ግን ነገረኝ። ልጁን በቀበርን በዚያው ክረምት ለመምህራን ኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ስሎ ውስጧን በነጠብጣብ ሞላው። ልጆቻችንን የሚገድሉብን እነዚህ ናቸው አለ። ሌሎቹ መምህራን በደብተራቸው ገለበጡት። ባለቤቴም ገለበጠ። ጢቾ እንደዚያ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱም አያውቅም ነበር። አውቆ የተመለሰው ልጁ መቃብር ከገባ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ማፍላት፣ ያ ሁሉ ማጠብ፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ያ ሁሉ ትምህርት ከዚያች ጠብታ የወጣ መሆኑን ያኔ ገባኝ። እንደገና ፀነስኩ ስለውም ሆዱ የተዘጋው ለምን እንደሆነ ገባኝ። «ዘመዶችህ» ያልኩበት ምላሴ ከበደኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» አለኝ።

አይደለህም ልለው አፌን ከፈትኩ። ብዋሸው ግን እንደሚያውቅብኝ አውቃለሁ። ነህ ልለውም አልችልም። ያ ልጅ አፈር ይበላ ነበር፣ የጎረቤት ወተት ይጠጣ ነበር፣ የመንደሩ ውሻ የላሰውን ቁራሽ ያነሣ ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «ውሃው ይሁን፣ ወተቱ ይሁን፣ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ያ ሐኪም እንኳ ቢኖር አያውቅም።»

ይህን ያህል የተማረ ሰው አላውቅም የሚለውን ቃል ከእኔ የሰማው እንደ አዲስ ትምህርት ነበር። ከዚያ ወደ ሆዴ ተመለከተ።

«ይኼኛውስ?»

«ይኼኛውንም አላውቅም» አልኩት። «አባት ግን ያስፈልገዋል። ብላ።»

በላ። መጀመሪያ ቁራሿን በጣቱ ሲያሽ ቆየና ዋጣት። ከዚያ ሌላ ቆረሰ። እንባው ወጡ ላይ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገውም። እኔ ሲያኝክም ሲውጥም በዓይኔ ተከተልኩት፤ አሁን ያስመልሰዋል፣ አሁን ሆዱን ይይዛል ብዬ እፈራ ነበር። አልያዘም። ትሪው እስኪጸዳ በላ። የእጅ ውሃ ላቀርብለት ስነሣ በዚያ ባልታጠበ እጁ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። ከዚያ የልጃችንን ስም ጠራ። ሰው ከሩቅ እንደሚጠራ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራው።

የሚመልስለት አልነበረም። እኔ «አቤት» አልኩት።